ፒስተኑን ገና አትግዛ፦ የውድድር ሞተር በቤት ጋራዥ

ጥያቄህን አሳጥሬ ላስቀምጠው። አንድ የቶዮታ 4ኤ-ጂኢ ሞተር አለህ፣ 1.6 ሊትሩ፣ ባለ 16 ቫልቩ። ቤትህ ባለው ጋራዥ ፈትተህ ለትራክ ውድድር ልትሠራው አስበሃል፣ በደቂቃ 9000 ዙር እንዲዞርልህም ትፈልጋለህ። የያዝከው ገንዘብ ለፎርጅድ (ተቀጥቅጦ ለተሠራ) ፒስተንና ለትልቅ ካምሻፍት፣ ማለትም ቫልቮቹን ለሚከፍተው ዘንግ፣ ይበቃል። "የትኛውን ፒስተን ልግዛ፣ ከየትስ ልጀምር?" ነው ያልከው።

ወንድሜ፣ ምንም አትግዛ። ገና ነህ። ፒስተን ከመግዛትህ በፊት የሲሊንደርህን ስፋት እስከ መቶኛ ሚሊ ሜትር ድረስ ማወቅ አለብህ። ካምሻፍት ከመግዛትህ በፊት ደግሞ ቴስታታህ፣ ማለትም ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ፣ ምን ያህል አየር እንደሚያሳልፍ። ብዙ የሞተር ሬሳ ፈትቼ አይቻለሁ፣ አብዛኛው መጥፎ ዕቃ ገብቶበት የሞተ አይደለም። ጥሩ ዕቃ ሳይለካ ስለገባበት ነው የሞተው።

መጀመሪያ ስለ 9000ው እናውራ። ቁጥሩ ደስ ይላል፣ ድምፁም ደስ ይላል። ግን ዙር ብቻውን ጉልበት አይደለም። ጉልበት ማለት ቶርክ፣ ማለትም የማዞር ኃይል፣ በዙር ተባዝቶ የሚመጣ ነገር ነው፦ ኒውተን ሜትሩን በዙሩ አባዛና ለ9549 አካፍለው፣ ኪሎዋቱን ታገኛለህ። ሞተርህ 7500 ዙር ላይ 160 ኒውተን ሜትር ቢሰጥህ 126 ኪሎዋት ገደማ አለህ፣ ወደ 168 የፈረስ ጉልበት። አሁን 9000 አደረስከው እንበል፣ ቴስታታው ግን ለዚያ ዙር የሚበቃ አየር ማሳለፍ አቅቶት ቶርኩ ወደ 130 ወረደ። 122.5 ኪሎዋት ነው ያለህ። 1500 ዙር ጨምረህ ጉልበት ቀነስክ ማለት ነው፣ ለዚያውም ሞተሩን እየገደልክ።

ለምን እየገደልክ አልኩ? የዚህ ሞተር የፒስተን ጉዞ 77 ሚሊ ሜትር ነው። ቢዬላው፣ ማለትም ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ (ከሚዞረው ዋና ዘንግ) ጋር የሚያገናኘው ዘንግ፣ ከመሃል እስከ መሃል 122 ሚሊ ሜትር ነው። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች 9000 ዙር ላይ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ደርሶ ሲመለስ የሚደርስበትን ፍጥንጥነት ብታሰላው ከመሬት ስበት 4500 ጊዜ ይበልጣል። ፒስተኑ ከነፋሻው (ከሚከብቡት ቀለበቶች) እና ከነፒኑ 400 ግራም ቢመዝን፣ በዚያች ቅጽበት ቢዬላውን ወደ ላይ የሚጎትተው ኃይል 1.8 ቶን ገደማ ይሆናል። 7500 ላይ ግን ይኸው ጉተታ 1.3 ቶን አይሞላም። ዙሩ የጨመረው 20 በመቶ ነው፣ ጉተታው 44 በመቶ። በዙሩ ካሬ ነዋ የሚያድገው።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ፒስተኑ ጭሱን ጠርጎ ጨርሶ አዲስ አየር ሊስብ ሲመለስ ነው። በዚያ ሰዓት ከላይ ሆኖ ፒስተኑን መልሶ የሚገፋ የሚቃጠል ጋዝ የለም። ሸክሙ በሙሉ በሁለቱ የቢዬላ ቡሎኖች ላይ ይወድቃል። 9000 ዙር ላይ ይህ በሰከንድ 75 ጊዜ ይደርሳል። ብሎክ ቀዶ የወጣ ቢዬላ ስታይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የተረታው ቡሎኑ ነው፣ ወይ ተስቦ ወይ ላልቶ።

ስለዚህ ግዛ ካልክ መጀመሪያ የምትገዛው ጥሩ የቢዬላ ቡሎን ነው። ፎቶ ላይ አያምርም፣ ግን ሞተርህን የሚያቆየው እሱ ነው። አንድ ነገር ልብ በል፣ አዲስ ቡሎን ሲገባ የቢዬላው ትልቁ ቀዳዳ ክብነቱ ሊዛባ ይችላል፣ ስለዚህ ከተቀየረ በኋላ ማሽን ቤት ተለክቶ መስተካከል አለበት። ስታስረው ደግሞ ቶርክ ሬንችህን ብቻ አትመን። ቶርክ ሬንች የሚለካው ቡሎኑ ለመዞር ምን ያህል እንዳስቸገረ ነው። ጥርሱ ደረቅ ከሆነ፣ ዘይት ከተቀባ፣ ወይም የቡሎኑ አምራች የላከው ቅባት ከተቀባ፣ በአንድ ዓይነት ቶርክ ሦስት የተለያየ እስር ታገኛለህ። ትክክለኛው መንገድ ቡሎኑ ሲታሰር ስንት እንደተለጠጠ በመለኪያ ማየት ነው። ከመታሰሩ በፊት ርዝመቱን ለካ፣ ካሰርክ በኋላ ለካ፣ ልዩነቱን ጻፍ። ከውድድር በኋላ ስትፈታው እንደገና ለካ። ወደ መጀመሪያ ርዝመቱ ያልተመለሰ ቡሎን ወደ ቆሻሻ ነው የሚሄደው፣ አይታዘንለትም።

እኔን ብትጠይቀኝ የመጀመሪያ ሞተርህን ጣሪያ 8000 ላይ አድርገው። እዚያ ላይ የፒስተኑ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 20.5 ሜትር ነው፣ 9000 ላይ 23 ያልፋል። ፋብሪካው 7500 አካባቢ ላይ ቀይ መስመር ያሰመረበትን ሞተር 8000 ላይ ለሙሉ ውድድር ማቆየት ቀላል ሥራ አይደለም። ውድድር የሚያሸንፈው የሚጨርሰው መኪና ነው፣ ይቺን አንተም ታውቃታለህ።

ቤት ውስጥ አይሠራም እያልኩህ አይደለም። በርት መንሮ የሚባል ኒውዚላንዳዊ ነበር። የ1920 ስሪት ኢንዲያን ስካውት ሞተር ሳይክሉን፣ መጀመሪያ 600 ሲሲ የነበረውን፣ በገዛ ጎጆው ውስጥ ሲቀጥልና ሲቀይር ወደ 950 ሲሲ አደረሰው። ፒስተኑን ራሱ አቅልጦ ነበር የሚያፈሰው። እ.ኤ.አ. በ1967 ቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ በሰዓት 296 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ ከ1000 ሲሲ በታች ባለው ምድብ ክብረ ወሰን ያዘ፣ ያኔ 68 ዓመቱ ነበር። ግን የጎጆውን መደርደሪያ አስታውስ። የተሰባበሩትን ፒስተኖችና ቢዬላዎች ደርድሮ ለፍጥነት አምላክ የቀረበ መሥዋዕት ብሎ ጽፎባቸው ነበር። እኛ መደርደሪያው ቶሎ እንዳይሞላ ነው የምንለካው።

እንግዲህ ገንዘብህ ወደ መለኪያ ይሂድ። እስከ 100 ሚሊ ሜትር የሚደርሱ ማይክሮሜትሮች፣ የሲሊንደርን የውስጥ ስፋት የሚለካ ቦር ጌጅ፣ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚያነብ ባለ ቀስት መለኪያ) ከነማግኔት መቆሚያው፣ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካ ቀጫጭን የብረት ቅጠል)፣ 360 ዲግሪ የተከፋፈለ ክብ ሰሌዳ፣ 0.1 ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ አንድ ትልቅ ሲሪንጅ ወይም ቢዩሬት። ካሊፐር ለዚህ አይሆንም። ካሊፐር ቡሎን ለመለየት ነው።

ሙቀት ደግሞ ያታልልሃል። 81 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አሉሚኒየም ፒስተን በ15 ዲግሪ ልዩነት ከ0.02 ሚሊ ሜትር በላይ ይሰፋል፣ ብሎኩ ግን ብረት ስለሆነ የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ። ኢምንት ትመስላለች፣ ግን በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል የምትፈልገው ጠቅላላ ክፍተት የዚህ ጥቂት እጥፍ ነው። ብሎኩን፣ ፒስተኑን፣ መለኪያውን አንድ ክፍል ውስጥ አሳድራቸው። ጠዋት ለካ። ማይክሮሜትሩን በእጅህ ጨብጠህ ወሬ አታውራ፣ እጅህ ያሞቀዋል።

አሁን ወደ ብሎኩ። ሁሉንም አውጣ ስልህ ሁሉንም ነው። የውኃ ክዳኖቹን፣ የዘይት መስመሮቹን ጫፍ የደፈኑትን ቡሎኖች ጭምር። ይህን የምልህ ስለተቀጣሁበት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት የራሴን ሞተር ስሠራ አንዱ የዘይት መስመር ቡሎን አልፈታ አለኝ፣ መሸ፣ ደከመኝ፣ "በአየር ነፍቼዋለሁ፣ ይበቃዋል" ብዬ ተውኩት። ከዚያ ቡሎን ጀርባ የተኛው የሆኒንግ (ሲሊንደሩን በድንጋይ የማለስለስ) ብናኝ ሦስተኛው ቢዬላ ጋ ሄዶ ብሮንዚናውን፣ ማለትም ዘንጉ የሚዞርበትን ንጣፍ፣ በላው። የትራኩን አሥራ አንድ ዙር ብቻ ነው የሮጥኩት። ክራንክሻፍቱም አብሮ ሄደ። ያ ቡሎን በመሞቂያ እሳት አምስት ደቂቃ ነበር የሚፈጀው።

እያንዳንዱን ሲሊንደር በሦስት ከፍታ ለካ፣ ላይ፣ መሃል፣ ታች። በእያንዳንዱ ከፍታ በሁለት አቅጣጫ፣ አንዴ በክራንክሻፍቱ ርዝመት፣ አንዴ በእሱ አግድም። በአንድ ሲሊንደር ስድስት ቁጥር፣ በአራቱ ሃያ አራት። በወረቀት ጻፋቸው፣ በጭንቅላትህ አትያዝ። በአንዱ ሲሊንደር ውስጥ ልዩነቱ ከ0.01 ሚሊ ሜትር ብዙ ከዘለለ ሲሊንደሩ መቦረሽ ብቻ አይበቃውም፣ መስፋት አለበት። ፒስተን የሚገዛው ያኔ ነው። 81 ሚሊ ሜትር ፒስተን ገዝተህ ብሎክህ 81.5 መሆን ካለበት የገዛኸው ዕቃ የጠረጴዛ ጌጥ ነው የሚሆነው።

ሲሊንደር ማስፋትና ሆኒንግ የቤት ሥራ አይደለም፣ እዚህ ላይ አትከራከረኝ። ለማሽን ቤቱ ግን አንድ ነገር ጠይቅ፦ ሆኒንጉን በቶርክ ፕሌት ነው የምትሠሩት? ቶርክ ፕሌት በቴስታታው ቦታ የሚታሰር ወፍራም ብረት ነው። የቴስታታ ቡሎኖች ሲጠብቁ ሲሊንደሩን በጥቂቱ ያጣምሙታል፣ ስለዚህ ባዶውን ብሎክ ክብ ብታደርገው ቴስታታው ሲታሰር ክብ መሆኑ ይቀራል። በታሰረ ሁኔታ ክብ ሲደረግ ግን ሞተሩ ሲሠራም ክብ ነው። የሚያወሩትን ካላወቁ ሌላ ቤት ሂድ። ክራንክሻፍቱ ስንጥቅ አለው ወይ የሚለውን ምርመራ፣ ባላንስ ማድረግን፣ የቫልቭ መቀመጫ መቁረጥንም ለእነሱ ተውላቸው።

ብሎኩ ከማሽን ቤት ሲመለስ "ታጥቧል" ይሉሃል። አመስግናቸውና እንደገና እጠበው። በቤንዚን ወይም በናፍጣ አይደለም፣ እነሱ ዘይቱን ወስደው ብናኙን በሆኒንጉ ጭረት ውስጥ ይተዉልሃል። ሙቅ ውኃ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ጠንካራ ብሩሽ። እያንዳንዱ የዘይት ቀዳዳ ውስጥ ረጅም ቀጭን ብሩሽ ይግባ። ከዚያ በአየር አድርቀህ ወዲያው ዘይት ቀባው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ነው ዝገት የሚጀምረው። በመጨረሻ ነጭ ጨርቅ ቀጭን ዘይት ነክረህ ሲሊንደሩን ጥረገው። ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ከወጣ አልታጠበም። እኔ አምስት ስድስት ጊዜ የደጋገምኩበት ብሎክ አለ።

ወደ ብሮንዚናው እንለፍ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ክራንክሻፍት በብሮንዚና ላይ ተቀምጦ አይደለም የሚዞረው፣ ዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው። ያ የዘይት ሽፋን ቦታ ይፈልጋል። ለመነሻ የሚሆነው የቆየ ሕግ ከዘንጉ ስፋት አንድ ሺኛ ነው። ቢዬላው የሚይዘው የክራንክሻፍቱ ክፍል 40 ሚሊ ሜትር ከሆነ 0.04 ሚሊ ሜትር ክፍተት፣ ለውድድር ትንሽ ከፍ ብሎ እስከ 0.05። ከጠበበ ዘይቱ ይሞቃል፣ ይቀጥናል፣ ብረት ከብረት ይገናኛል። ከሰፋ ደግሞ ዘይቱ በጎን ይፈስና ግፊቱ ይወርዳል፣ ከፓምፑ ርቆ ያለው ብሮንዚና ይራባል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ብሮንዚናውን አስገብተህ ክዳኑን በሙሉ ቶርክ እሰረው። የዘንጉን ስፋት በማይክሮሜትር ለካ፣ ማይክሮሜትሩን እዚያው ቆልፈው፣ ቦር ጌጁን በእሱ ላይ ዜሮ አድርግ። አሁን ቦር ጌጁ ብሮንዚናው ውስጥ ሲገባ የሚያነብልህ ቀጥታ ክፍተቱን ነው፣ መቀነስ የለ መደመር የለ። የምትለካው ከመጋጠሚያው መስመር አግድም ነው፣ ምክንያቱም ብሮንዚና ሆን ተብሎ መጋጠሚያው አካባቢ ቀጠን ተደርጎ ይሠራል፣ እዚያ ብትለካ ሰፊ መስሎህ ትሳሳታለህ። የሚጨፈለቀው የፕላስቲክ ክርም አለ፣ ለማረጋገጫ ጥሩ ነው፣ ለውድድር ሞተር ግን በእሱ ብቻ አልተኛም።

ፋሻውን በተመለከተ። የላይኛው ፋሻ ጫፍና ጫፉ መካከል ክፍተት ያስፈልገዋል፣ ሲሞቅ ይረዝማላ። ቱርቦ ለሌለው የውድድር ሞተር የሲሊንደሩን ስፋት በ0.0045 እስከ 0.005 አባዛ፣ ለ81 ሚሊ ሜትር ከ0.36 እስከ 0.40 ይመጣል። ፋሻው ጋር የመጣው ወረቀት ሌላ ካለ ወረቀቱን ስማ። ቱርቦ ካለ ይጨመራል፣ ሙቀቱ ሌላ ነው። ፋሻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብተህ በፒስተን ወደ ታች ገፋ አድርገህ አስተካክለው፣ በፊለር ጌጅ ለካ፣ በቀጭን ሞረድ ከውጭ ወደ ውስጥ ብቻ ሞርደው። ክፍተቱ 0.05 ቢበልጥ ምንም አትሆንም፣ ትንሽ ጋዝ ያመልጣል። ክፍተቱ ካነሰ ግን ሲሞቅ ጫፎቹ ይጋጠማሉ፣ ፋሻው መሄጃ ሲያጣ የፒስተኑን ላይኛ ክፍል ይሰብረዋል። በዚህ ሥራ ላይ ስህተቶች እኩል አይደሉም፣ ሁልጊዜ ርካሹን ስህተት ምረጥ።

ኮምፕሬሽን ሬሾ፣ ማለትም ሲሊንደሩ የገባውን አየር ስንት እጥፍ እንደሚያምቅ፣ ብዙ ሰው ከሳጥን ላይ አንብቦ የሚያምነው ነገር ነው። ፒስተኑ ሳጥን ላይ 11 ለ1 ይላል፣ የማን ቴስታታ፣ የማን ጓርኒሲዮን (በብሎክና በቴስታታ መካከል የሚገባው ማሸጊያ)? ራስህ ለካው። ቴስታታውን ገልብጠህ ቫልቮቹንና ካንዴላውን አስገባ፣ አንድ ቀዳዳ ያላት ግልጽ የፕላስቲክ ሳህን በቅባት ለጥፍበት፣ ቀለም ያለው ፈሳሽ በሲሪንጅ ሙላ። ስንት ሲሲ ወሰደ? 38 ይሁን ለምሳሌ። ባለ 1.2 ሚሊ ሜትር ጓርኒሲዮን፣ ቀዳዳው 82 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ 6.3 ሲሲ ይይዛል። ፒስተኑ ከብሎኩ ፊት እኩል ቆሞ ጉብታው 2 ሲሲ ቢወስድ 42.3 ይቀራል። የሲሊንደሩ ይዘት 396.8 ነው። ደምረህ ስታካፍል 10.4 ለ1፣ ሳጥኑ ያለህ 11 የለም። ጓርኒሲዮኑን 0.8 ብታደርገው ወደ 10.9 ትወጣለህ። አራቱንም ክፍል ለካ፣ እኩል ካልሆኑ ትልቁን ለኪ አድርገህ ሌሎቹን በጥቂቱ እያረምክ አስተካክል። ጓርኒሲዮን ስታሳንስ ወይም ቴስታታ ስታስልግ ፒስተኑ ከቴስታታው ጠፍጣፋ ፊት የሚርቅበትን አትርሳ። የብረት ቢዬላ ላለው ሞተር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይኑር፣ በከፍተኛ ዙር ቢዬላ ይለጠጣል።

ካምሻፍት። ትልቁን ነው የፈለግከው፣ አውቃለሁ፣ ሁሉም ትልቁን ነው የሚፈልገው። ትልቅ ካም ማስገቢያ ቫልቩን አርፍዶ ይዘጋል። በከፍተኛ ዙር አየሩ በራሱ ግስጋሴ ስለሚገባ ይጠቅመዋል፣ በዝቅተኛ ዙር ግን ፒስተኑ የገባውን አየር መልሶ ወደ ማስገቢያው ይገፋዋል። ለዚህ ነው ትልቅ ካም ከፍ ያለ ኮምፕሬሽን የሚፈልገው፣ ለዚህም ነው ከ5000 በታች ሞተሩ የሚያንኮራፋው። የትራክህ ጠባብ ኩርባ 4500 ላይ የሚጥልህ ከሆነ 9000 ላይ የሚያበራ ካም ምን ያደርግልሃል? መካከለኛውን ውሰድ። ሌላም አለ፦ የቀደሙት 4ኤ-ጂኢዎች የቫልቭ ማስተካከያዋ ሳንቲም ከባልዲው (ካሙ ቫልቩን የሚጫንበት ኩባያ) በላይ ናት የምትቀመጠው። በኃይለኛ ካምና በከፍተኛ ዙር ተፈናጥራ ትወጣለች፣ ከወጣች ደግሞ አንድ ነገር ሳትሰብር አትቆምም። ከባልዲው በታች የምትቀመጠውን ዓይነት ግጠም።

ካሙን በፋብሪካ ምልክት ላይ ገጥመህ አትሂድ። ቴስታታ ከተላገ፣ ጓርኒሲዮን ከቀጠነ፣ ምልክቱ ውሸት ነው። ክብ ሰሌዳዋን ክራንክሻፍቱ ላይ እሰራት። የፒስተኑን የላይ ጫፍ በዓይን ወይም በዳያል ጌጅ ጫፍ ለማግኘት አትሞክር፣ እዚያ አካባቢ ፒስተኑ ለብዙ ዲግሪ የቆመ ያህል ነው። በካንዴላው ቀዳዳ መቆሚያ ብረት አስገባ፣ በእጅህ (በስታርተር አይደለም) ቀስ ብለህ እስኪነካ አዙር፣ ቁጥሩን ጻፍ። በሌላው አቅጣጫ አዙረህ እስኪነካ፣ ጻፍ። የሁለቱ መሃል እውነተኛው ጫፍ ነው። የቫልቩንም ከፍታ እንዲሁ፦ ከከፍተኛው 1 ሚሊ ሜትር በፊት፣ 1 ሚሊ ሜትር በኋላ፣ መሃሉን ውሰድ። ከካሙ ጋር የመጣው ወረቀት ላይ ካለው ጋር አስተያየው፣ የሚስተካከል ፑሊ ካለህ ዲግሪውን አርም። ይህ ሞተር ሁለት ካም ስላለው እያንዳንዱን ለየብቻ ማስተካከል ትችላለህ፣ ዕድለኛ ነህ።

ከዚያ ቫልቩ ፒስተኑን ይነካ እንደሆነ እይ። ለስላሳ የመፈተሻ ሞላ አስገብተህ፣ ከጫፉ 20 ዲግሪ በፊት ጀምረህ 20 ዲግሪ በኋላ እስክትደርስ፣ በየሁለት ዲግሪው ቫልቩን በእጅህ ተጫን፣ በዳያል ጌጅ ምን ያህል እንደሚቀረው አንብብ። የማስወጫው ከጫፉ 10 ዲግሪ ገደማ በፊት፣ የማስገቢያው 10 ዲግሪ ገደማ በኋላ ነው የሚቀራረቡት። ለማስገቢያው 2 ሚሊ ሜትር፣ ለማስወጫው 2.5 ቢያንስ ይኑር። ማስወጫው ይበልጥ ይሞቃል፣ ፒስተኑም ከኋላው እያሳደደው ነው። በኋላ ዳይኖ (የሞተር ጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ ማስገቢያ ካሙን ብታስቀድም ወይም ማስወጫውን ብታዘገይ ይህ ክፍተት ይጠብባል። ስለዚህ እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚፈቀድልህ አሁኑኑ ጽፈህ ግድግዳው ላይ ለጥፍ።

ቴስታታ ማስፋት ላይ አጭር ልሁን፣ ብዙ ሰው በጋለ ስሜት የሚያበላሸው እሱን ነውና። ቀዳዳውን አታስፋ። ሲሰፋ አየሩ ይዘገያል፣ የዘገየ አየር ሲሊንደር አይሞላም። ከቫልቭ መቀመጫው በታች ያለውን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አለስልስ፣ ቴስታታው ሲፈስ የቀረውን ሹል ጠርዝ አጥፋ፣ በቃ። መስታወት አድርገህ ማወልወል ለፎቶ ነው።

ዘይት። መኪናህ በ1 ጂ (ከመሬት ስበት እኩል በሆነ የጎን ግፊት) ኩርባ ሲታጠፍ ሳምፑ፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ፣ ውስጥ ያለው የዘይት ፊት 45 ዲግሪ ያጋድላል። የዘይት መሳቢያው አፍ አየር ላይ ይቀራል። ቀጥታ መንገድ ላይ ጤነኛ የነበረ ሞተር ረጅም ኩርባ ላይ ብሮንዚናውን የሚበላው በዚህ ነው፣ ሾፌሩም "ምንም አላደረግሁም" ይላል፣ እውነቱን ነው። ሳምፑ ውስጥ ዘይቱን የሚያግዱ ግድግዳዎችና ወደ መሃል ብቻ የሚከፈቱ ትንንሽ በሮች በብየዳ አስገባ፣ ይህ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው። የግፊት መነሻ ሕጉ ለየ1000 ዙሩ 0.7 ባር ገደማ ነው፣ 8000 ላይ 5.5 ባር። የፋብሪካው መብራት ሲበራ አልፏል። ትክክለኛ ጌጅና ከፍ ባለ ግፊት ላይ የሚበራ፣ ዓይን የሚወጋ መብራት ግጠም።

ሁሉን ገጥመህ ስትጨርስ ካንዴላዎቹን አውጣ፣ ነዳጁን ቁረጥ፣ ጌጁ ግፊት እስኪያሳይ በስታርተር አዙር። ከዚያ ነው የሚነሳው። ለመጀመሪያው ጊዜ ሲንተቲክ ያልሆነ ዘይት ተጠቀም፣ ከተነሳም በኋላ ሥራ ፈትቶ እንዲንደቀደቅ አታድርገው። ፋሻ የሚቀመጠው በጭነት ነው። ከጋለ በኋላ መጠነኛ ጋዝ ስጠው፣ ልቀቀው፣ ስጠው፣ ልቀቀው። ዳይኖ ላይ ስትሄድ የአየርና የነዳጅ ሬሾውን በሙሉ ጋዝ 12.8 እስከ 13 ለ1 አካባቢ ያዝ። ማብሪያውን፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚረጭበትን ጊዜ፣ ከዘገየ ጀምረህ ዲግሪ በዲግሪ አስቀድም፣ ቶርኩ መጨመር ሲያቆም አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ተመለስ። ኳ ኳ የሚል ድምፅ ከሰማህ፣ ወይም ካንዴላው ነጭ ሸክላ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚሉ የአሉሚኒየም ጠብታዎች ካየህ፣ ያንን ቀን በዚያው ጨርስ። ፒስተኑ ነው የሚቀልጠው።

ከመጀመሪያው ሩጫ በኋላ የዘይት ፊልተሩን በመጋዝ ሳይሆን በመቁረጫ ክፈተው፣ መጋዝ የራሱን ብናኝ ይጨምርብሃል። ወረቀቱን ዘርግተህ በፀሐይ እየው። ትንሽ የሚያብለጨልጭ ነገር ለአዲስ ሞተር ያለ ነው። ሊነሳ የሚችል ስብርባሪ ወይም መዳብ የሚመስል ቀለም ካለ ሳምፑን አውርድ። ከዚያ እያንዳንዱን ሲሊንደር በአየር ሞልተህ ስንት በመቶ እንደሚያፈስ ለካ። ከ5 በመቶ በታች ከሆነ ደህና ሠርተሃል። ከበለጠ ጆሮህን አቅርብ፣ በማርሚታው ከነፈሰ የማስወጫ ቫልቭ ነው፣ በማስገቢያው ከሆነ የማስገቢያው፣ በዘይት መሙያው ከሆነ ፋሻው፣ ራዲያተሩ አረፋ ካወጣ ጓርኒሲዮኑ።

ለአሁኑ ግን ብሎኩን ፍታ፣ እጠብ፣ አሳድር፣ ለካ። ሃያ አራቱን ቁጥሮች፣ የክራንክሻፍቱንም ጭምር ጻፍልኝ። ፒስተኑን ያኔ አብረን እንመርጣለን።